የመድፍ ጎታቾቹ ፊት

ጥቅምት 6፣ ሰኞ፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ቀለሙ በብርድ ጠጥሯል። እሳት ዳር አስጠጋሁት። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጣት ያደርቃል። የሥዕሉ ሰማይ አለቀ። ንጉሡም ተሥለው አለቁ። የቀረኝ የመድፉ አፍና የገመዱ ጥላ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ለአዲሱ አዳራሽ ያዘዘኝ ነው፤ ትልቁ መድፍ ከጋፋት ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጎተት። ዓርብ ከሰዓት ይሰቀላል። ቀኝ ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ግራውም እየተከተለ ነው። የመጨረሻ ሥዕሌ ነው። ይህን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ፣ ደብተር።

ልጄ ትርንጎ ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ታግዘኛለች። ተራራውን ቀባች፤ ድንጋዩን ቀባች። ፊት ግን አትነካም። በእኔ ሥዕል ላይ ፊት የምሠራው እኔ ነኝ። ነግሬያታለሁ።

ጥቅምት 8፣ ረቡዕ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

የጋፋቱ አያ ፈንታ ድንቹን ሸጦ ሲመለስ ጎራ አለ። አብሮ አደጌ ነው። ቅድመ አያቱ መድፉን ከጎተቱት አንዱ ናቸው፤ ይህን ሳይናገር ውሎ አያውቅም።

ሥዕሉ ፊት ቆመ። የንጉሡን በቅሎ አመሰገነ፤ ከሣላት ሰው ይልቅ እሷ ጠግባለች አለ። ትርንጎ ሳቀች። ከዚያ ጎታቾቹን እያየ ቆየ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሕፃን የሚያውቀውን ምን ያስጠይቅሃል አልሁት። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይን ያያል፤ ሰይጣንና ከሐዲ ከጎን ይሣላል፣ በአንድ ዓይን።

«ታዲያ የኔ ቅድመ አያት ምን አጠፉ?» አለኝ።

አየሁ። ጎታቾቹ ሁሉ ወደ መቅደላ ዞረዋል። ሁሉም አንድ ዓይን።

የሚጎትት ሰው የሚያየው ወደሚሄድበት ነው አልሁት። አንተስ ስታርስ ወደ መንገደኛ ዞረህ ነው ወይ አልሁት። አልሳቀም። ንጉሡም የሚሄዱት መቅደላ ነው፤ የሳቸው አንገት እንዴት ወደኛ ዞረ አለ። ባዶ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ። ጠላው እንደተቀዳ ቀረ።

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ

ተናድጃለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የደብሩን ግድግዳ እያየሁ ብቻዬን የተማርሁት ነው። ለድንች ሻጭ ብዬ አልለውጥም።

ከማዘጋጃ ቤቱ ባህል ክፍል አንድ ልጅ መጣ። ሥዕሉ አምሯል አለ። መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል አለ። ጎታቾቹ እንዴት ናቸው አልሁት።

«እነሱን ማን ያያቸዋል፣ ጋሼ? ሰው የሚያየው ንጉሡን ነው።»

ውጣልኝ አልሁት።

ትርንጎ ብሩሽ ታጥባለች። ቀና ሳትል አንድ ነገር ነገረችኝ። ትሠራበት በነበረው ቤት ድግስ ላይ የተነሣ ፎቶ አለ። እሷም አለችበት፤ ከዳር፣ ሰሃን ይዛ፣ ግማሽ ፊት። የቤቱ ሰዎች ፎቶውን ሲያሳዩ ማን ናት ብሎ የጠየቀ የለም።  እኔም አልጠየቅሁም።

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 10፣ ዓርብ

መኪናዋን ባዶዋን መለስኋት። ጎታቾቹ በአንድ ዓይን አይሄዱም ብለው ልጁ ለመነኝ። አንዲት ዓይን ለመጨመር ምን ያህል ይፈጃል አለ። ዓይን አይጨመርም፤ አንገት ነው የሚዞረው አልሁት። አዳራሹን የሚመርቀው እንግዳ ዛሬ ነው የሚገባው፣ በቦታው የታተመ ፎቶ እንሰቅላለን፣ ከዚያ ወዲያ የርስዎ ሥዕል ቦታ አይኖረውም አለ። ስቀሉ አልሁ።

በሩን ዘጋሁ። የጎታቾቹን ፊት በቢላዋ ፋቅሁ። ሥዕሉ ያለበት አቡጀዲ ነጭ ሆኖ ወጣ። ንጉሡ ብቻቸውን ወደኔ ያያሉ።

ጥቅምት 13፣ ሰኞ፤ ረፋድ

ፈንታን አስጠራሁት። ፊቱን ለሥዕሉ ልወስድ። በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት፤ ገመድ አስያዝሁት፤ ገላህን ወደ በሩ፣ ፊትህን ወደኔ አልሁት። አንገቴ ተቀነጠሰ እያለ ያማርራል። ቅድመ አያትህ መድፍ ጎትተው እንዳንተ አልተነጫነጩም አልሁት።

«እሳቸው መች አንተን አገኙ» አለኝ።

ጠላውን ዛሬ ጠጣ።

ከቀኑ 10 ሰዓት

ፊቶቹ ዞረዋል። ግንባር፣ አፍንጫ፣ አፍ አላቸው። የዓይናቸው ብሌን ቀረ። የፊተኛውን ሞከርሁ፤ ነጥቡ ጉንጩ ላይ ወደቀ። ጠረግሁ። ደገምሁ፤ ቅንድቡ ላይ ሆነ። ትርንጎ ከኋላዬ ቆማለች፤ የዓይኔን ነገር አታውቅ መስሎኝ ነበር። ውሃ ቅጂ ብዬ ሰደድኋት። ሦስተኛውንም ጠረግሁ።

ማንም አያየውም ይሆናል። አዳራሹ ዘግቶብኛል። ቢሆንም ዓይን የሌለው ሰው ትቼ አልሞትም።

ስትመለስ ቀጭኑን ብሩሽ ሰጠኋት። አልተቀበለችም። «ፊት ነው እኮ፣ አባዬ» አለች። ያዢ አልኋት። ወዴት እንደሚያዩ ጠየቀችኝ። ወደኛ አልኋት።

ነጥቡ በቦታው አረፈ። ይህን የምጽፈው አጠገቧ ተቀምጬ ነው። የፊተኛው ሰው አየኝ። ሁለተኛውም።