አልጋው ራስጌ ላይ ያለው ማተብ

እታገኝ፣

ከገበያ ስትመለሺ አታገኚኝም፤ መኪናው ቀድሞ መጣ። ቁልፉን ለአከራያችን ለእትዬ እማዋይሽ ሰጥቻቸዋለሁ። በርበሬው ጓሮ ተሰጥቷል፤ ሰማዩ ጠቁሯልና ቶሎ አስገቢው። ውሃ ሐሙስ ይመጣል። እንደ ወትሮው እስከዳር ጀሪካኑን ታሰልፋለች ብለሽ እንዳትተኚ።

ዓረብ አገር ሙስካት፣ አንድ ሆቴል ውስጥ የስድስት ወር ኢንተርንሺፕ፣ የሥራ ልምምድ ነው ስልሽ አልዋሸሁም፤ ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።
የእህትሽ የማንጠግቦሽም ወረቀት እንደዚያ ይል ነበር።

ስሟን ለደላላው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ድምፅዋ ከጠፋ ጀምሮ ስታለቅሺ እያየሁ፣ ዓመት ሙሉ አልነገርኩሽም።

ትናንት ያው ደላላ የማርፍበትን ክፍል ፎቶ ላከልኝ። «አዲስ ነው፣ ሰው አልገባበትም» አለኝ። አልጋው ራስጌ ላይ ማተብ ተንጠልጥሏል። አጉልቼ አየሁት። ክሩ ላይ ያለው አባታችሁ አገር ቤት፣ ደሃና ሳሉ ለማንጠግቦሽ ከወይራ የቀረጹላት መስቀል ነው፤ ያ አንድ ክንዱ የተሰበረው። እሷ ደግሞ ገላዋን ስትታጠብ እንኳ አታወልቀውም ነበር።

ብነግርሽ አትለቂኝም። እህትሽን ሄጄ ሳልፈልጋት ብቀር ደግሞ ዓይንሽን ማየት አልችልም።

ደላላው «ማተብሽን እዚያው ትተሽ ነይ» ብሎኛል። አልተውኩትም፤ ልብሴ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። አንቺ የገመድሽልኝ ቀይና ጥቁሩ ነው። መውጫ ካጣሁ ከእሷው ጎን እሰቅለዋለሁ።

ያ ሰው ለሌላ ልጅ የክፍሉን ፎቶ ከላከ፣ ፎቶውን ተቀበያትና የአልጋውን ራስጌ እይ። ሁለት ማተብ ካየሽ፣ በር ላይ ተኝተሽም ቢሆን ልጅቷን አስቀሪያት።

እስከዳር