ሳይታጠብ ሞተ አይባልም

ውድ ኦረስት፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። ከቀበርንህ ወር ሊሆን ነው። ከተማችን ኤድመንተን እንደ ልማዷ በበረዶ ታፍናለች፤ እማዬም የደጁን መብራት ማጥፋት እምቢ ብላለች። የምጽፍልህ የምቆጣው ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

ሥራዬ ላይ ስትቀልድ ትዝ ይልሃል? ድንች የተሞላው የእሑድ ቅቅል ሊጣችን፣ ፔሮጊው፣ ቀርቦ፣ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ "እህት ዓለም፣ ዛሬስ ስንት አይጥ አስተነፈስሽ?" ትለኝ ነበር። "ካንተ ይሻላሉ፤ አያንኮራፉም" እልሃለሁ። እማዬ "ኧረ በምግብ ላይ!" ብላ ትቆጣናለች። አንድ ቀን ግን ከምርህ ጠየቅኸኝና በሹካ ሳህንህ ላይ እየሣልኩ ነገርኩህ። አንጎል ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ግርጌ፣ ትንፋሽን የሚመሩ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት አሉ። አንዱ ሌላውን የሚቀሰቅሰው ግሉታሜት የሚባል ንጥረ ነገር እየረጨበት ነው፤ የተረጨውን የሚይዙት ደግሞ በሕዋሱ ገላ ላይ የተሰኩ ተቀባዮች ናቸው። ተቀባዮቹ ከተዘጉ ትእዛዝ የለም፣ ትንፋሽም የለም። እኛ ከአይጥ አንጎል የቆረጥነውን ስስ ቁራጭ ሳህን ውስጥ አኑረን፣ የሕዋሳቱን የትንፋሽ ምት በድምፅ ማጉያ እየሰማን፣ ተቀባዮቹን በመድኃኒት እንዘጋለን። ዝም ይላል። ከዚያ በንጹሕ ፈሳሽ እናጥበዋለን፤ ቆይቶ ቆይቶ ሽው... ሽው... እያለ ይመለሳል። እኛ ቤተ ሙከራ ሳይታጠብና ሳይጠበቅ ሞተ ማለት ክልክል ነው። አዲስ የመጣ ሁሉ ቸኩሎ ደህናውን ቁራጭ ይደፋና ይሰደባል፤ እኔም ተሰድቤበታለሁ።

ያቺን ክኒን ለምን ዋጥክ ብዬ አልጨቀጭቅህም። ትሠራበት የነበረው ነዳጅ ጉድጓድ ላይ የተጎዳው ወገብህ እንቅልፍ ነሥቶህ ነበር፤ ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻህን ሲያቆምብህ ከጓደኛ ገዛህ፤ ውስጧ ፌንታኒል የሚሉት ብርቱ ማደንዘዣ ነበረ። ፌንታኒል የሚያፍነው እነዚያኑ የእኔን ሕዋሳት ነው። እማዬ መታጠቢያ ቤት ወድቀህ አገኘችህ። ማርከሻውን አፍንጫህ ውስጥ ነፋች፣ የአምቡላንስ ሰዎች ልብህን አስነሡት። አንጎልህ ግን ያለ አየር ብዙ ቆይቶ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ፍሪሰን የመተንፈሻውን ማሽን ነቀለች፤ ኦክስጅን ብቻ እየሰጠችህ ደረትህ በራሱ ይነሣ እንደሆነ አብረን አየን። አልተነሣም። "በጣም አዝናለሁ" ስትለኝ ጮህኩባት።

"ምን አዝናለሁ ይሉኛል! ገና መች ታጠበ? ይጠብቁ እንጂ!"

"ደሙን መርምረናል ዳርካ፤ ንጹሕ ነው። የሚታጠብ ነገር አልቀረም።"

"ሥራዬ እኮ ነው! ሲመለስ በጆሮዬ የምሰማው እኔ ነኝ!"

ምርመራውን ነገ እንደግመዋለን፤ ያኔም ካልተነፈሰ ሞቷል ማለት ነው አሉ። እማዬ ኮሪደር ላይ እጄን ጨምቃ ያዘችና "ይመለሳል?" አለችኝ።

"ይመለሳል እማዬ" አልኳት። ምላሴን በቆረጠው! እማዬ ወደ ቤት ሄዳ አልጋህን አነጠፈች፣ ሸሚዝህን ተኮሰች፣ ለዘመድ ሁሉ እየደወለች "ዳርካ ይነሣል ብላለች" አለች። የእኔ የቤተ ሙከራ ሕዋሳት ዝም የሚሉት ትእዛዝ የሚቀበሉበት ስለተዘጋባቸው ነው፤ ያንተዎቹ ግን ሞተዋል። ይህን ልዩነት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። እኔ ማወቅ አልፈለግኩም።

በማግስቱ እማዬም ገባች። ማሽኑ ተነቀለ። እግርህን ይዛ "ኦረስት፣ የእኔ ልጅ፣ ተንፍስ" እያለች ለመነችህ። ደረትህ ንቅንቅ አላለም። አላለቀሰችም፤ ወደ እኔ ዞረች።

"እኔን እምቢ አለኝ። ትንፋሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ንገሪው።"

"እማዬ፣ አይሰማም እኮ..."

"ንገሪው አልኩሽ!"

ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። የሚሰማ ሕዋስ እንዳልቀረህ ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ አፌን ጆሮህ ላይ አደረግኩና "ወንድሜ፣ በሞቴ ተንፍስ" አልኩህ። እማዬ ዓይኗን ሳትነቅል ደረትህን ታያለች።

እኔም ቀና ብዬ ይነሣ እንደሆነ አየሁ።

እህትህ፣ ዳርካ