የብረት ድካም

ለባለቤቴ፣

ፋሲካን በሰላም ዋልክ? ጉልበትህ ተሻለህ? ክሊኒኩስ አሁንም ወረፋው በር ድረስ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ያንትራ ወንዝ ሞልቶ ሥራችንን አንድ ሳምንት አስተጓጎለብን እንጂ ሌላ ችግር የለም።

ልመረምረው የመጣሁትን የባቡር ድልድይ ማክሰኞ ዘጋሁት። ወረቀቱ ላይ «ምክንያት፦ ድካም» ብዬ ጻፍኩ። የመስመሩ ፎርማን ጋሼ ስታመን አንብቦ ሳቀብኝ። «ብረት ደከመው? እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ላይ ስጎተት ደክሞታል ብሎ የጻፈልኝ የለም!» አለ። ዳቦዋን በዚያ ባቡር ወደ ማዶ የምትልከው ራድካ ደግሞ ሰው ፊት፣ «የደከመውስ አንቺን ነው፤ ሂጂና ተኚ!» አለችኝ።

አንተ ዘንድ ቃሉ ሌላ ነው። አምና ደከመኝ ስልህ ደሜን መርምረህ የብረት እንክብል አዘዝክልኝ። በሐኪም ቤት ድካም የሌላ ነገር ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ይፈለጋል፣ ይታከማል፣ ሰውየውም ይድናል። እንክብሉን አንድ ሳላስቀር ጨርሼዋለሁ።

ጋሼ ስታመንን ይዤ ከድልድዩ ሥር ወረድኩና ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አሳየሁት። ባርኔጣውን አወለቀ። «የትኛው ባቡር ነው እንዲህ ያደረጋት?» አለኝ። የትኛውም አይደለም አልኩት። ከተፈቀደው በላይ የጫነ አንድም የለም፤ ብቻ በየቀኑ አልፈዋል። «እንግዲያ አንድ በጋ ትረፍ» አለ። ብረት እንደ ሥጋ አርፎ አያገግምም ስለው ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ ራሱ ሄዶ ለራድካ አስረዳት። አሁን ዳቦው በጀልባ ይሻገራል፤ እኔን ግን እስካሁን ሰላም አትለኝም።

በደብዳቤህ «ለምን አልመለስም አልሽ? ምን በደልኩሽ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ቁጭ ብዬ ፈለግሁ። አንድ ክፉ ቀን እንኳ አላገኘሁም፤ ሳልዋሽ ነው የምጽፍልህ። ጥሩ ሰው ነህ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው እላለሁ።

ጋሼ ስታመን እህቱ ቤት አንድ ክፍል አግኝቶልኛል፤ ፀሐይ በደንብ ይገባዋል። አዲሱ ድልድይ ሁለት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ሲመችህ የሱፍ ካፖርቴንና ወፍራሙን ብርድ ልብስ ላክልኝ። አትቸኩል፣ ገና ግንቦት ነው።

እጅህ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን፤ አንተንም ጤና አይንሳህ።

ከተማሪ ቤት ጀምሮ ጓደኛህ