በቀን አንዲት ፎቶ

ለዓለሜ፣ ለጌታሁን፤

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ቤታችን ደህና ነው። ዘንድሮ ገብሱ አማረ፤ መሬቱም ለአራሹ ስለሆነ ወንድምህ የራሱን ማሳ አጨደ። የምጽፍልህ ግን ስለ ካሜራህ ነው።

ተስቦ ከወሰደህ በኋላ፣ በዚያ የረሃብ ወራት፣ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ወንድምህ "ሽጪውና እህል ግዢበት" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እኔ ግን እንቢ አልኩ። አንተ ታነሳለህ፣ እኔ ፊልሙን አጥባለሁ፤ የኖርነው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ከተረፈው ፊልም በቀን አንዲት ብቻ፣ ከደጃችን ሳልርቅ ማንሳት ጀመርኩ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ጦይባ የልጇን ጠጉር ስትጎነጉን፣ ሌላ ቀን ሞፈር የሚጠግን ገበሬ፣ አንዳንዴም ግድግዳ ላይ ያረፈች የጠዋት ፀሐይ። መጀመሪያ ብርሃኑን መለካት አላወቅኩበትምና ግማሹ ተበላሸ። አንዷን ለማንሳት ቀኑን ሙሉ ማየት እንዳለብኝ የገባኝ እየቆየ ነው።

ለተማሪዎቻቸው፣ ለደረሶቹ፣ ቁርአን የሚያስቀሩትን ሼህ ሙሄን ታውቃቸዋለህ። ከሩቅ የመጡ ሰዎች የገጠጠ ጎናቸውን ፎቶ ሊያነሱ ሲሉ በጋቢያቸው ተሸፈኑ። በማግስቱ እኔ ስሄድ፣ "ልጄ፣ ረሃቤን አታንሺ። ካነሳሽ እኔን አንሺኝ" አሉኝ። አፈርኩ። ሦስት ቀን የቀኔን ፎቶ ለሳቸው አቆይቼ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን፣ ደረሶቻቸው ሲሳሳቱ ጣታቸውን ቀና አድርገው ሲያርሙ፣ ያኔ አነሳኋቸው።

ባለፈው የገበያ ቀን፣ ከደሴ የፎቶ ወረቀት አስመጥቼ ያተምኳቸውን ሁሉ አጥራችን ላይ ሰቀልኳቸው። ገመዱን የወጠረልኝ ወንድምህ ነው። የመካነ ሰላም ሰው ገበያውን ትቶ መጣ። ጦይባ ልጇን አቅፋ፣ ፎቶው ላይ የሚስቀውን ፊቷን እያየች፣ "ያን ጊዜም እንስቅ ነበር እንዴ?" አለች። ሼህ ሙሄ ምርኩዛቸውን ይዘው ፎቷቸው ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "እዩ፣ እያስቀራሁ ነው" አሉ። ሰዉ በእልልታ ተቀበላቸው፤ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ።

አሁን ከከላላ ሳይቀር በበቅሎ እየመጡ "ፎቶ አንሺዋ የት ናት?" ይላሉ። እኔን እኮ ነው፣ ዓለሜ። ኮርቻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል። ሰውን ሁሉ ስታነሳ አንተን ያነሳህ የለም። ፊትህ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። በየማለዳው አስበዋለሁ፤ እስካለሁ ድረስ አይደበዝዝም።

ያንተዋ እማዋይሽ