ደጄ በካርታው ውስጥ

ኤፕሪል 10፣ ሐሙስ
ቀኑን ሙሉ የመጦሪያ ቤቱን አንሶላ ሳጥብ ዋልኩ። እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል። ስመለስ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቦይድ በሩ ላይ ቆሞ ከማዶ ጠራኝ።
"ቨርኔል፣ ሰማሽ? የግዛቱ ምክር ቤት ሕጉን አጸደቀው። ሰው መጠጡን ይዞ መንገድ ላይ መንሸራሸር ሊችል ነው።"
ከተማው የመዝናኛ ሰፈር ብሎ በከለለው ቦታ ብቻ ነው አለ። ይሁንላቸው። እኔ መጠጥ ከተውኩ ወራት ሆነኝ... ምን አገባኝ?
እራት፣ የትናንቱ ካትፊሽ ዓሣ።

ሜይ 13፣ ማክሰኞ
ካርታው ወጣ። ፍሮንት ጎዳና በሙሉ፣ ከወንዙ እስከ ባቡር ሐዲዱ። ከጁን ጀምሮ፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ከእኩለ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት። ደጄ መሃሉ ላይ ነው።
እንዲያው ጠርጥሬ የፍርድ ወረቀቴን አወጣሁ። ጠጥቼ ስነዳ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጥዬ፣ እስራቱ በገደብ ሲደረግልኝ የፈረምኩትን። "መጠጥ በሚሸጥበትና በሚጠጣበት ቦታ አልገኝም" ይላል።
መንገዱስ?

ሜይ 15፣ ሐሙስ
ተቆጣጣሪዬ ወይዘሪት ቶሊቨር ጋ ሄድኩ። ልጅ ናት፣ ገና ሠላሳ አልሞላትም።
"ቤትዎ ውስጥ መሆን ይችላሉ" አለችኝ።
"ከቤት ስወጣስ?"
"በእነዚያ ሰዓታት መንገዱ መጠጥ የሚጠጣበት ቦታ ነው።"
"ታዲያ በመስኮት ልብረር?"
አልሳቀችም። "ቤት ቢቀይሩስ?"
በምን? መንጃ ፈቃዴ ተወስዷል፤ ሥራዬ በእግር የሚደረሰው ከዚህ ቤት ብቻ ነው። ደግሞስ ለምን እኔ? እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅኩም። የመጣብኝ ሕጉ ነው። አንድ ጥፋት ከተገኘብኝ ግን እስር ቤት ነኝ፤ ልጄንም ቅዳሜ ቅዳሜ ማየት ቀረ።
ጠበቃዬ ገደቡ እንዲሻሻልልኝ ማመልከቻ አስገብቷል። ቀጠሮው ኦገስት...

ጁን 7፣ ቅዳሜ
ፈረቃዬን ቀየርኩ፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። ዴሊያ መጣች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አባቷ ጋ ነው የምትኖረው። ጠዋት ወንዙ ዳር ሄድን፤ እኩለ ቀን ሳይሆን እየሮጥን ተመለስን። መስኮቱን ስዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጥም። ስከፍተው ሙዚቃው አያነጋግርም።
"እማ፣ የተቀጣሽው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?"
መስኮቱን እንደገና ከፈትኩት።

ጁን 21፣ ቅዳሜ
ማሽን ተበላሽቶ ሥራ አቆዩኝ። እኩለ ቀን አለፈ። ዴሊያ በራሷ ቁልፍ ገብታ እየጠበቀችኝ ነበር፤ እኔ ግን ቤቴ መግባት አልችልም። ከሐዲዱ ወዲያ ቆምኩ። ከዚያ መስኮቴ ይታያል። እጇን አወዛወዘችልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። አባቷ መጥቶ ወሰዳት።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ
ሕጉን ያረቀቁት የምክር ቤቱ አባል፣ ሚስተር ፕሩይት፣ የመዝናኛ ሰፈሩን ሊመርቁ፣ ሪባን ሊቆርጡ መጡ። ልክ ከመስኮቴ ሥር። አላስቻለኝም።
"ሚስተር ፕሩይት" ብዬ ተጣራሁ።
ቀና አሉ። "አቤት እመቤቴ። ይውረዱና እናውራ እንጂ።"
"መውረድ አልችልም። ገደብ ላይ ነኝ። ሕግዎ ደጄን መጠጥ ቤት አደረገው።"
ሰዉ ሳቀ። አንዱ "ገመድ ወርውሩላት" አለ። እሳቸውም ሳቁና ብርጭቋቸውን ወደ እኔ ከፍ አድርገው "ለጤናዎ" አሉኝ።
ቀልድ መስሏቸው ይሆን? መስኮቱን ዘጋሁት። ያልሳቀው ቦይድ ብቻ ነው።

ጁላይ 6፣ እሑድ
ጠዋት ቦይድ በሬን አንኳኳ። ፒች ኮብለር ይዟል፣ በኮክ የተጋገረ ጣፋጭ።
"እንዲህ መሆንሽን አላወቅኩም" አለ። "ፍርድ ቤት ምስክር ካስፈለገሽ እኔ አለሁ።"
"አንተ? መጠጥ ሻጩ?"
"መጠጥ ቤቴ ጋ ስትደርሺ ላለመቅረብ በየቀኑ ወደ ማዶ እንደምትሻገሪ የማየው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይመስክርልሽ?"
ኮብለሩን ተቀበልኩት። ግባ ግን አላልኩትም።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ
ቦይድ ክራቫት አስሮ ፍርድ ቤት መጣና ያየውን ተናገረ። ቶሊቨርም አልተቃወመችም። ዳኛዋ ብዙ አላቆዩንም። በሰፈሩ ማለፍ እችላለሁ፣ ሳልቆም፣ ሳልቀመጥ።
ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ
ዴሊያን ይዤ በጠራራ ፀሐይ ወረድኩ። ስንት ቀን የተመኘሁት።
ጥቂት እንደሄድን ሸተተኝ። ውስኪ በሎሚ። በሁሉም ሰው እጅ ላይ። አንዷ ልታሳልፈኝ ጠጋ ስትል ብርጭቆዋ አፍንጫዬ ሥር መጣ... አፌ ምራቅ ሞላ። እግሬ ቀጥ አለ።
"እማ? ምን ሆንሽ?"
ለሰው ብዬው የማላውቀውን አልኳት። "ጠማኝ፣ ዴሊያ።"
መጀመሪያ ውሃ መሰላት። ከዚያ ገባት። ክንዴን ጨብጣ "ሂጂ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ" አለችኝ። ወንዙ ጋ ደርሰን እንኳ አልለቀቀችኝም።
ክረምቱን ሙሉ መታገዴን ስረግም ከረምኩ። ለካ በእኔና በዚያ ብርጭቆ መሃል የቆመው እገዳው ነበር። አሁን ማን አለ?

ሴፕቴምበር 27፣ ቅዳሜ
በዚህ ሳምንት ቤት ቀየርኩ። ሐዲዱን ይዞ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አንድ ክፍል። ፍራሹን የተሸከመልኝ ቦይድ ነው።
"ካሸነፍሽ በኋላ ትሄጃለሽ?" አለኝ።
"ሂጂ ስባል አልሄድኩም። አሁን ማንም ሂጂ አላለኝም።"
ግሌንዳ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ትወስደኛለች። ያኔ ለምን አልጠየቅኳትም? ፈቃዴ እንደተወሰደ እንድታውቅ አልፈለግኩም። ባለፈው ሳምንት ነገርኳት። "እሺ፣ ደጅ ጠብቂኝ" አለች።
ዴሊያ ባቡሩ ሲያልፍ ጆሮዋን ያዘች። "እዚህ ማን ይተኛል?"
እኔ ግን ከገባሁ ጀምሮ ደህና ተኝቻለሁ።
ከምሳ በኋላ "እንውጣ" አለች።
"የት?"
"እኔ እንጃ።"
ወጣን።