ጄሶው ዛሬም ተሰነጠቀ

ውድ ግዛቸው፣

እባክህ ዛሬን ብቻ እመነኝ። ሌላ ጊዜ ባታምነኝ ግድ የለኝም፣ ዛሬን ብቻ። ውድ ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ውዴስ አይደለህም። ቁጥሬን ስታይ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፈው። ሻሸመኔ ጋራዥ ማሽን እያሠራህ ነው አሉኝ፣ ለሚኒባሱ ሾፌር ለአብዱልፈታህ ልሰጠው ነው፣ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ጽሑፌ ቢበላሽም አንብበው።

ጄሶው ተሰነጠቀ። እኛ ግድግዳ ላይ ያለው። ጠዋት እንደ ፀጉር ነበር፣ አሁን ጣቴ ይገባል።

ራስህ አይደለህ የለጠፍከው? የምታስቆፍረው የውሃ መስመር ዋሻ ከቤታችን ሥር ሲደርስ መጥተህ ስንጥቃችን ላይ ጄሶ ለጥፈህ፣ «ታቢታ፣ ጄሶ አይለጠጥም፣ ተራራው ከተንቀሳቀሰ እሱ ነው ቀድሞ የሚሰነጠቀው፣ ያኔ ጥሪኝ» አላልክም? ሻይዬን እየጠጣህ ነው ያልከኝ። ታቦር ተራራ ወጥ ድንጋይ አይደለም፣ ጥቁር ድንጋይና አመድ የተደባለቀ ነው፣ ድንጋዩ ሲቆም አመዱ ይፈሳል፣ ዝናብ ሲጠጣማ አይታመንም፣ ለዚህ ነው ዋሻውን እንዲደግፍ በየሜትሩ የብረት ቅስት የምናቆመው አልከኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ግን ገባኝ።

ሲሰነጠቅ ጠራሁህ። መጣህ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ጄሶውን ዳበስ አደረግክና «ይሄ በቢላ የተቆረጠ ነው፣ ካሳ ፈልጋ ነው» አልክ። ሳቁብኝ። እስከ ዛሬ የባጃጅ ልጆች ሳይቀሩ «ቢላዋ» ነው የሚሉኝ። የቀበሌው ሰውዬም መጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ፀረ ልማት እንዳትባዪ» አለኝ፣ ፈርቼ አፌን ዘጋሁ። አንተም በላዩ አዲስ ጄሶ መርገህበት ሄድክ። ቢላ እንዳልነካው ታውቅ ነበር። ሥራው እንዲፈጥን ቅስቱን አራርቀህ ታቆም ነበር፣ ወንድሜ ሙሴ ነግሮኝ ነበር፣ እዛው አልነበር የሚሠራው።

በሳምንቱ ዋሻው ሙሴ ላይ ወረደ። ሲያወጡት አፉ አመድ ሞልቶ ነበር። አንተ ደሞ ለቅሶ መጥተህ ድንኳኑ መሀል ቆመህ ጸለይክ፣ «የጌታ ፈቃድ ነው» አልክ፣ ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔ አላልኩም። ምን እንደለመንኩ ልንገርህ? እሱም ወንድሙን ይቅበር ብዬ ነው የለመንኩት። ከዛን ቀን ጀምሮ ይሄን ነው የምለምነው።

ዛሬ ተሰማልኝ መሰለኝ። ሕዝቅያስ የማታ ፈረቃ ነው። ያንተው ታናሽ፣ ራስህ ያስቀጠርከው። ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባሉ።

ስንጥቁን እንዳየሁ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ዝም ልበል አልኩ። አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ። ድንኳኑ ዛሬ እነሱ ደጅ ይተከል አልኩ። ከዛ በመስኮት ሳይ ሕዝቅያስ ሙዝ እየላጠ ወደ ሠራተኞቹ ካምፕ ሲወርድ አየሁት፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሮጬ ክንዱን ያዝኩት።

«ሕዝቄ፣ እንዳትገባ፣ ጄሶው ተሰንጥቋል!»

«በየትኛው? በዳቦ ቢላ ነው በሽንኩርት ቢላ?»

«በእናትህ እየቀለድኩ አይደለም!»

«እናቴ ካሳ አትከፍልም። ልቀቂኝ እህቴ፣ ጋሼ ያንቺን ነገር ነግሮኛል።»

ጓደኞቹም ሳቁ። እሱ እየሳቀ ሄደ።

አየህ? ውሸትህ ነው ይዞት የሄደው። እኔ እውነት ቢላ ብይዝ እንኳን እንዲህ አድርጌ አልወጋህም ነበር።

የካምፑ ዘበኛ ጋ ሄድኩ፣ «ግዛቸው ካላለ ሥራ አይቆምም» ብሎ መለሰኝ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። አላልኩም፣ አልልም። ወንድምህ ይትረፍ እንጂ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሕዝብ በተሰበሰበበት የሠራኸውን እጮኸዋለሁ፣ ፀረ ልማትም በሉኝ፣ እሰሩኝም። ያን ቀን ሕዝቅያስ አጠገብህ በሕይወት ቆሞ፣ ዓይን ዓይንህን እያየ እንዲሰማ ነው የምፈልገው። ሞቶማ ላንተም ይለቀስልሃል።

አብዱልፈታህ ክላክስ እያደረገ ነው። ይሄን እንዳነበብክ ለዘበኛው ደውልና አስወጣቸው። ከዛ ለኔ ደውል። ስደበኝ ከፈለግክ፣ ብቻ ወጥተዋል በለኝ። እማዬን ከቤት አውጥቼ መንገድ ዳር ተቀምጠናል፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው። በፈጠረህ፣ ሳይጨልም ደውልልኝ።

የሙሴ እህት ታቢታ