የሮማን ሻወር በር

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2005

ዛሬም ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ። የሮማን ሻወር መስታወት በር ከሥሩ ያፈሳል አሉ። ባሌ ታደለ "ውሃ ሲመጣ ካልሞከርኩት አይታወቅም" ብሎ የታች ላስቲኩን ጠቅልሎ፣ ሲሊኮኑን ይዞ፣ በባጃጅ ወደ ሰፈሯ ወደ ሰቶ ሰመሮ። በሷ ሰፈር ደግሞ የውሃ ፈረቃው ሲመሽ ነው። ከሰው ሁሉ የሷ ፈረቃ ሲመሽ!

ሮማን ማን እንደሆነች ልጻፈውና ይውጣልኝ። የየቡ ከተማ ልጅ ናት። ባሌ እኔን ከማወቁ በፊት ሽማግሌ ልኮ የተከለከላት ሴት። አባቷ ለመስታወት ቆራጭ አልሰጥም ብለው ለአዲስ አበባ ነጋዴ ዳሯት። አሁን ፈታ መጣች፣ ቤት ሠራች፣ ከጅማ መስታወት ሠራተኛ ሁሉ ደግሞ የኔን ባል መረጠች። ሥራውን ስንይዝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። የወለሉን ሴራሚክ ለወንድሜ ለደረጀ እንዲያሰጠው ታደለን የጨቀጨቅኩትም እኔው ነኝ።

ሲመለስ ሸሚዙ እስከ ክርኑ ርሷል። "ቆመ?" አልኩት። "ትንሽ ይቀረዋል" አለ። ራቱን በልቶ ተኛ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ሱቅ ነኝ። ደንበኛ የለም። ይህንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ።

ታደለ ላስቲክ አይስትም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው። የመስታወት ውፍረት በጣቱ ቆንጥጦ የሚያውቅ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀጥ ያለውን ወሰደ። ቀጥሎ ሁለት ምላስ ያለውን። ትናንት ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ የሚመልሰውን፣ ዘንበል ያለውን። ሦስቱም ለስምንት ሚሊ መስታወት ናቸው፤ ለክቼ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። ሦስቱም ካልሠሩ ወይ መስታወቱ ወይ ባሌ አንድ ነገር ሆኗል። መስታወቱን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መኪያ በራችን ላይ ቆም ብላ "ወላሂ፣ ባልሽ የሰቶ ሰመሮ መታወቂያ ሊያወጣ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሳቅኩላት። ከሄደች በኋላ ግን ጥሩ ልብሴን ለብሼ በሱቁ መስታወት ራሴን አየሁ፣ ከዚያ አውልቄ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ደረጀ ለምሳ መጣ። ሽሮ ነበር። ጥሩ ወሬ ይዟል፦ የአሰንዳቦ አንድ ቡና ነጋዴ ትልቅ ቤት እያሠራ ነው፣ ሴራሚኩን ለሱ ሊሰጠው አስቧል። ግን በፊት የእጁን ሥራ ልይ ብሎ እሑድ የሮማንን ቤት ሊያይ ይመጣል። መረቅሁት።

ከዚያ "የሮማን ሻወር ምን ሆኖ ነው?" ስለው ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። "እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ የበሩ ነገር የጋሼ ታደለ ነው" አለ። ዓይኔን አላየኝም። እሱም ያውቃል ማለት ነው! የእናቴ ልጅ አውቆ ይደብቀኛል።

ሲመሽ የታደለ ስልክ ጠራ። ደጅ ወጥቶ አነሳው። "ቶሌ፣ ቶሌ፣ ነገ" ሲል ሰማሁ። ለኔ እንዲህ ለስለስ ብሎ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሄድኩ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ገበያ ነኝ ማለት ቀላል ነው። ከሱ ቀድሜ፣ ያለንን የላስቲክ ዓይነት ሁሉ በፌስታል ይዤ።

ሮማን ራሷ ከፈተችልኝ። ቆንጆ ናት። አሁንም ቆንጆ ናት፤ ይኸው ጻፍኩት። "ውቢት! ግቢ ግቢ፣ ታደለ መስሎኝ" ብላ ሳቀች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ።

"ላስቲኩን ላየው ነው" አልኳት። ተንበርክኬ በጣቴ ዳሰስኩት። ከጥግ እስከ ጥግ ልክ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ይኼኔ የባሰ ተናደድኩ። ልክ ከሆነ ለምን ይመላለሳል?

ከባልዲው በጆግ ቀድቼ ሻወሩ ውስጥ ደፋሁ። ውሃው ወደ ማፋሰሻው አልሄደም። ወደ በሩ፣ ወደኔ ጉልበት መጣ። ደግሜ ደፋሁ፣ ደግሞ መጣ። ወለሉ ያዘነበለው ወደ ውጭ ነው። የታች ላስቲክ የሚረጭ ውሃ ይመልሳል እንጂ በሩ ሥር የተኛ ውሃ አይገድብም፤ የትኛውንም ብናስር ለውጥ የለውም። ወለሉን ያነጠፈው ደግሞ ደረጀ ነው።

ቀና ስል ሮማን አጠገቤ ቁጢጥ ብላለች። አትስቅም። "ታደለ ለውቢት እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነው" አለችኝ። "የአሰንዳቦው ሰውዬ ይህን ካየ ደረጀ እንጀራው ይቀርበታል። በላስቲክ ላስታግሰው ብሎ ነው የሚታገለው።"

ፌስታሌን ይዤ ወጣሁ። አፍሬያለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ ደግሞም ተናድጃለሁ። እሷ የምታውቀውን እኔ አላውቅም ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 8

"ለምን ለኔ አልነገርከኝም?" አልኩት ጠዋት።

ሲሊኮኑን ጠራረገ። ከዚያ "ወንድምሽን ከምታኮርፊ እኔን ብትጠረጥሪ ይሻላል ብዬ" አለ።

ያውቅ ነበር! ሳምንቱን ሙሉ እየተቃጠልኩ ያውቅ ነበር። ማልቀስም መሳደብም አማረኝ። ሻዩን ቀዳሁለት።

ደረጀን ጠራሁት። አላኮረፍኩትም፤ ፍዳውን ግን አሳየሁት። ሰውዬውን አታሞኘውም፣ ትነቅለዋለህ አልኩ። ከሰዓት ሄዶ የሻወሩን ሴራሚክ በሙሉ ነቀለ፤ ወደ ማፋሰሻው አዘንብሎ እንደገና አነጠፈው። ታደለ ውሃ ልኩን ያዘለት።

እሑድ፣ የካቲት 10

የታደለ ስልክ ጠራ። ሮማን ናት። እሱ ደጅ ስለነበር እኔ አነሳሁት።

"ደረቅ ነው ውቢት! ሰውዬው ራሱ በጆግ ደፍቶ አየው። ደረጀን ነገ አሰንዳቦ ና ብሎታል።"

"የቱ ላስቲክ ነው በሩ ላይ ያለው?"

"የመጀመሪያው፣ ቀጥ ያለው።"

ተመስገን አልኩ። እሷም ተመስገን አለች። ደግ ሴት ናት፤ ምን አለበት አስቀያሚ ብትሆን።

ታደለ ገባና "ማን ነው?" አለ። "ደንበኛዬ ናት" አልኩት። ፊቱን ሊታጠብ ሲሄድ ቁጥሯን ወደ ስልኬ ገለበጥኩና ከሱ ስልክ ላይ አጠፋሁት። ደግሞ ካፈሰሰ ለኔ ትደውል።